ጠላ በቆላ፤ በድሬዳዋ ሙቀት ጋኑን እንዴት እናቀዝቅዘው?

ከጎንደር፣ ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ የለመዱትን አጠማመቅ ይዘው ድሬዳዋ የወረዱ ጠማቂዎችን መጀመሪያ የሚያሳስታቸው የቀን ቆጠራ ነው። ጥንስሱ በሦስት ቀን፣ ድፍድፉ በአምስት ቀን፣ ጠላው በሁለት ሳምንት ይደርሳል የሚለው የደጋ ሒሳብ እዚህ አይሠራም። በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊቱም ቢሆን እዚያው 22 እና 23 ላይ ይቆያል። እንዲህ ባለው ጊዜ የተደፈደፈው በማግስቱ ይገነፍላል፣ በአራተኛው ቀን ይሆመጥጣል፣ የቀመሰውም ሰው ጉሮሮዬን ለበለበኝ ይላል። ከዚያ በኋላ አንዱ ውሃውን ይወቅሳል፣ ሌላው ጌሾውን፤ የሰው ዓይን ነካው የሚልም አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሙቀቱ ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ሙቀት በሳፋ፣ በጆንያ፣ በበረዶና በሰዓት አጠባበቅ እንዴት እንደሚያስታግሱት ያሳያል። ሙሉውን ሁለት ሳምንት ጋን ስር ቁጭ ብለው እንዲጠብቁ አልጠይቅም። ልፋት የሚገባው ድፍድፉ ከተበጠበጠ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ናቸው። የጠላው ጣዕም በአብዛኛው የሚወሰነው እርሾው በሚራባበት በዚያ ጊዜ ነው። ሦስቱን ቀን ከያዙት ቀሪውን ለቆላው ሊለቁለት ይችላሉ።

ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው ዝቅ ብላ ያለችው ጀልዴሳ ደግሞ ከከተማዋም ትብሳለች። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመግባቱ በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ቦታ ነበረች። ነዋሪዋ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ የጠላ አገር አይደለችም። ሙቀትን የመግራቱ ዘዴ ግን ቀሪቦ ለሚያዘጋጀው ቤትም እኩል ይሠራል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ጋኑ ውስጥ የሚሆነው

ጠላን የሚሠሩት በዋናነት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ የሚለውጠው እርሾ ነው፤ ማንም ገዝቶ ሳይጨምረው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው ግድግዳ ይመጣል። ሁለተኛው አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ትንሽ ኮምጠጥ ማለት የጠላ ወጉ ስለሆነ እነርሱን ጨርሶ ማጥፋት አንፈልግም። የምንፈልገው እርሾው እንዲቀድም ነው።

እርሾው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት ረጋ ብሎ ይሠራል። ከ30 ሲያልፍ አይሞትም፤ እንዲያውም ይፈጥናል። ሲፈጥን ግን ጉሮሮ የሚለበልቡ ከባድ አልኮሎችንና የቀለም ማቅጠኛ የሚሸቱ ነገሮችን አብሮ ያወጣል። አሲድ ሠሪዎቹ ባክቴሪያዎች በበኩላቸው ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ይመቻቸዋል። ስለዚህ 33 ዲግሪ ላይ ያለ ድፍድፍ እርሾውን ያጣድፋል፣ ተቀናቃኞቹን ደግሞ ያደልባል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላም ነገር አለ። እርሾው ራሱ ሙቀት ያወጣል። በብርቱ በሚሠራበት ሰዓት የድፍድፉ መሐል ከክፍሉ አየር በ3፣ አንዳንዴም በ5 ዲግሪ ይበልጣል። ጓዳው 30 ከሆነ ጋኑ ውስጥ 34 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የክፍል ቴርሞሜትር ይህን አይነግርዎትም።

መለኪያ ይኑርዎት

የትኩሳት መለኪያ ለዚህ አይሆንም፤ ከ35 ዲግሪ በታች ያለውን አያነብም፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ከዚያ በታች ያለውን ነው። ረጅም ዘንግ ያለው የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ይግዙ። ርካሹ ሁሉ ትክክል ስለማይሆን ሁለት ጊዜ ይፈትኑት። በደቀቀ በረዶና በጥቂት ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ 0 ማሳየት አለበት። በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ደግሞ ድሬዳዋ ላይ 96 ገደማ ነው የሚያሳየው እንጂ 100 አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃው ቀድሞ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ ከ92 ብዙም አያልፍም። መለኪያዎ በሁለት ዲግሪ የሚዋሽ ከሆነ አይጣሉት፤ ልዩነቱን ወረቀት ላይ ጽፈው ከክዳኑ ጋር ያስሩት።

ሲለኩ ዘንጉን እስከ መሐል ያስገቡት። ድፍድፍ ወፍራም ስለሆነ ላዩ፣ ጠርዙና ልቡ አንድ ዓይነት ሙቀት የላቸውም።

ወቅቱንና ሰዓቱን መምረጥ

ምርጫ ካለዎት ከህዳር እስከ ጥር ይጥመቁ። ሌሊቱ ወደ 15 ዲግሪ ስለሚወርድ ግማሹን ሥራ አየሩ ይሠራልዎታል። የታህሳሱ ቁልቢ ገብርኤል፣ ገና እና ጥምቀት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የፋሲካው ጠላ ሙቀቱ ማየል በጀመረበት ወር ይወድቃል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ለሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚጠመቀው ነው፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ ሳይበርድ እርጥበቱ ይጨመርበታል። ቁልቢ ራሷ ዳገቱ ላይ ስለሆነች እዚያ የደረሰ እንግዳ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ለእንግዳው የተጠመቀው ጠላ ግን ቆላ ላይ ነው ያለው።

ወቅት መምረጥ የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስልዎት። በጀርመን ባቫሪያ በ1553 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን እስከ ቅዱስ ሚካኤል ቀን፣ ማለትም በእነርሱ አቆጣጠር ከሚያዝያ 23 እስከ መስከረም 29፣ ቢራ መጥመቅን ይከለክል ነበር። በጋ ላይ የተጠመቀው ይበላሽ ስለነበር ነው። ከዚህ ጣጣ የተላቀቁት ካርል ፎን ሊንደ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. የማቀዝቀዣ ማሽኑን ለቢራ ፋብሪካዎች ከሠራላቸው በኋላ ነው። ዛሬ የሐረር ቢራም ሆነ ሌላው ፋብሪካ በጋንና በሳፋ አይጨነቅም፤ በጋኖቹ ግድግዳ ውስጥ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይዞራል።

ሰዓቱን በተመለከተ ድፍድፉን የሚበጠብጡት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ይሁን። ማታ የተጀመረ ጠላ የመጀመሪያዎቹን ዐሥራ ሁለት ሰዓታት በሌሊቱ አየር ያሳልፋል፤ ቀዝቅዞ የተነሳ እርሾ በማግስቱም አይጣደፍም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከተጀመረ ግን ገና ሳይጠነክር የ9 ሰዓቱ ግለት ይደርስበታል፤ አንዴ ከሞቀ በኋላ ደግሞ ራሱ በሚያወጣው ሙቀት እየተቀጣጠለ ይሄዳል፣ ማውረዱም ከባድ ነው። ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ሱቁን ዘግታ ጋደም የምትልበትን ሰዓት እርስዎም ጋደም ይበሉበት፤ ሥራው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው።

ቦታው፣ ውሃው፣ ዕቃው

የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ማታም ሲያግል ያመሻል። ስለዚህ ኮርኒስ ያለውን ክፍል፣ ከዚያም ውስጥ ወደ ምዕራብ ያልዞረውን ግድግዳ ይምረጡ። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ሲሚንቶው ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ቀዝቃዛ አየር ታች ነው። ከምድጃ፣ ከፍሪጅ ጀርባና ከምጣድ ይራቅ። ግቢ ውስጥ ጥሩ ጥላ የሚጥል ኒም ካለ ከሚያግል ክፍል ይሻላል፤ ፀሐዩ ሲዞር ግን ጥላውም እንደሚዞር አይርሱ።

ውሃ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ እኩለ ቀን ላይ በመቅዳት ነው። ያ ውሃ ለገላ መታጠቢያ እንጂ ለጠላ አይሆንም። ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ይቅዱት፤ የሮቶው ውሃ ከቀኑ ሁሉ የሚቀዘቅዝበት ሰዓት ነው። የድሬዳዋ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ጠጣር ውሃ ስለሆነ አፍልቶ ማሳደሩ ሁለት ጥቅም አለው፤ ቅርፊቱ ከታች ይቀራል፣ ውሃውም ይጸዳል። የፈላውን ውሃ በንጹሕ እንስራ ካሳደሩት ደግሞ ከክፍሉ አየር ቀዝቅዞ ያገኙታል።

የሸክላ ዕቃ የሚደነቀው በዚህ ነው። ያልተቀባ ሸክላ ያልበዋል፤ ላቡም በአየር ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ፕላስቲክ አያልበውም፣ ሙቀትንም አፍኖ ይይዛል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግርዎት የጆንያ ሥራ ለፕላስቲክ ባልዲ ግዴታ ነው። የማይዝግ ብረት ካለዎት ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይሞቃል።

ዕቃው ምንም ይሁን ምን አነስ ያለ ይሻላል። ስልሳ ሊትር የሚይዝ አንድ በርሜል ከመሙላት ሃያ ሃያ ሊትር የሚይዙ ሦስት ባልዲዎች ይጠቀሙ። ትልቁ ዕቃ መሐሉ ከግድግዳው ስለሚርቅ ሙቀቱን የሚያስወጣበት የለውም፤ ትንንሾቹ ግን በየጎናቸው ይተነፍሳሉ። ለድግስ ብዙ የሚጠምቁ ሴቶች ጋን በጋን ከፋፍለው የሚያስቀምጡት ለመሸከም ብቻ አይደለም።

ዕቃውን በግራዋ አጥበው በወይራ ማጠኑን በሙቀት አገር ላይ አይዝለሉት። ጭሱ ለሽታ ብቻ አይደለም፤ ግድግዳው ላይ የቀሩትን አበላሺ ተሕዋስያን ይቀንሳል። በጀልዴሳና በአካባቢው ቆላ የግመል ወተት የሚያልቡ እናቶች የወተት ዕቃቸውን በእንጨት ጭስ የሚያጥኑት ለዚሁ ነው። ጠላ የማይቀምሰውና ወተት የማይነግደው ቤት አንድ ዓይነት ብልሃት ላይ ደርሰዋል። ፕላስቲክ ግን አይታጠንም፤ በፈላ ውሃ ይለቅለቅ፣ የዘይት ጀሪካን ከነበረ ደግሞ ጨርሶ ይተውት።

ጥንስሱ

ከቀፊራ ገበያ የገዙትን ጌሾ ቅጠል ወቅጠው፣ ከጥቂት ብቅል ጋር፣ ቀድተው ባሳደሩት ውሃ ይጠንስሱ። እዚህ ደረጃ ላይ ብዙ አይጨነቁ። ጥንስስ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ በራሱ አይግልም፤ የጌሾው ምሬትም አበላሺዎቹን ያዝ ያደርጋል። 27 እና 28 ዲግሪ ቢደርስ ምንም አይልም። ደጋ ላይ ሦስት ቀን የሚፈልገው እዚህ በአንድ ቀን ተኩል ወይም በሁለት ቀን አረፋ ያወጣል። አረፋ ካወጣና ሽታው ከቅጠል ሽታ ወደ እርሾ ሽታ ከተለወጠ ደርሷል፤ ሦስተኛውን ቀን ለመሙላት ብለው አያቆዩት።

ድፍድፉና ሦስቱ ቀናት

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ቂጣው፣ ብቅሉና እንኩሮው ሙሉ በሙሉ መብረድ አለባቸው። ቂጣው ከምጣድ እንደወጣ ተቆራርሶ ሲጨመር ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ላዩ የቀዘቀዘ ቢመስልም መሐሉ ይፋጃል። እንኩሮ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ተቆልሎ ከተቀመጠ ለሰዓታት ሙቀቱን አይለቅም። ሰፌድ ላይ ስስ አድርገው ያሰራጩት፣ በእጅዎ እየበተኑ ያገላብጡት፤ መዳፍዎን ሲከትቱበት ምንም ሙቀት ካልተሰማዎት ይበቃል። ሁሉም ተቀላቅሎ ሲለካ ከ24 ዲግሪ መብለጥ የለበትም፤ 20 ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከዚያ ባልዲውን ወይም ጋኑን ሰፊ ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡት። ሳፋው ውስጥ አራት ጣት ያህል ውሃ ይጨምሩ። አሮጌ የጥጥ ፎጣ፣ ያረጀ ነጠላ ወይም የታጠበ የጭረት ጆንያ አርጥበው ዕቃውን ከአንገቱ እስከ ታች ይጠቅልሉት፤ ጫፉ ሳፋው ውሃ ውስጥ መግባት አለበት። ጨርቁ ውሃውን ከታች እየሳበ ራሱን ያረጥባል፣ ከላይ ደግሞ ይተናል። የናይለን ጆንያ ውሃ አይስብምና አይጠቅምም። በመስኮትና በበር መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ካገኙ እዚያ ያድርጉት፤ ከሌለ ቬንትሌተር ያዙሩበት። የቬንትሌተሩ ሶኬት ከሳፋው ይራቅ፣ ገመዱም ወለል ላይ አይጎተት፤ ውሃና መብራት አንድ ቦታ ናቸው።

ይህ ዘዴ ምን ያህል ያወርዳል? አየሩ በምን ያህል እንደሚደርቅ ይወሰናል። በደረቁ ወራት፣ 34 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ የአየሩ እርጥበት 30 በመቶ ገደማ ከሆነ፣ እርጥብ ጨርቅ በጣም ቢሳካለት ወደ 21 ዲግሪ ሊያወርድ ይችላል። በቤት ውስጥ እዚያ ድረስ አይሄድም፤ 25 እና 26 ላይ ከቆመ ጥሩ ሠርቷል። እርጥበቱ 70 በመቶ በሚሆንበት የሐምሌ ቀን ግን ያው ጨርቅ ከ29 በታች አያወርድም። ለዚህ ነው ክረምት ላይ ጨርቅ ብቻውን የማይበቃው።

እዚያ ላይ በረዶ ይመጣል። በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልተው፣ ጥቂት ቦታ ትተው ያቀዝቅዙ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ ባለ አንድ ሊትር ተኩል ጠርሙስ በረዶ ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ 20 ሊትር ፈሳሽን 6 ዲግሪ ያህል ለማውረድ የሚበቃ ሙቀት ይወስዳል። ሳፋው ውስጥ ሌላ 20 ሊትር ውሃ ካለ ደግሞ ለሁለቱ ይከፋፈላልና 3 ዲግሪ ይሆናል፤ ከውጭ የሚገባው ሙቀት ደግሞ ከዚያ ይቀንሳል። ስለዚህ ለአንድ ባልዲ ጠዋት ሁለት፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ሁለት፣ ማታ አንድ ጠርሙስ ሳፋው ውሃ ውስጥ ይንሳፈፍ፤ የቀለጠው ወደ ፍሪጁ ይመለስ። በረዶውን ፈትተው ጠላው ውስጥ አይክተቱት። ያልፈላ ውሃ በረዶ ከሆነ ባክቴሪያ ይዞ ይገባል፣ የፈላም ቢሆን ጠላውን ያቀጥነዋል። ፍሪጅ የሌለው ቤት ከሰፈሩ ሱቅ የቀዘቀዙ ጠርሙሶችን በቅያሬ ሊለምን ይችላል፤ ድሬዳዋ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የማይሸጥ ሱቅ የለም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ድፍድፉን ጠዋትና ማታ በረጅም ማማሰያ እስከ ታች ያማስሉት። በድፍድፉ ላይ ቂጣውና እንኩሮው ተያይዘው የሠሩት ወፍራም ቆብ ሲሰበር ጋዙ ቡፍ ብሎ ይወጣል፣ ከሥሩም እጅ ላይ የሚሰማ ሙቀት ይነሳል። ያ ቆብ ከላይ እንደ ክዳን ሆኖ ልቡን ሲያግል ነበር። ማማሰሉ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ይቁም። ከዚያ ወዲያ የሚገባው አየር ለእርሾው አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ለሚለውጡት ባክቴሪያዎች ነው።

በየቀኑ ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት፣ 9 ሰዓት ላይና ማታ ይለኩና ይጻፉ። 26 ቢያልፍ በረዶ ይጨምሩ፤ 18 ሲደርስ ያቁሙ። ከመጠን በላይ ማቀዝቀዝም ጥፋት ነው፤ ከ15 በታች እርሾው ይተኛል። ቀን 29 ወጥቶ ሌሊት 17 የሚወርድ ጠላ ሁልጊዜ 25 ላይ ከቆየው የከፋ ነው። የምንፈልገው መጠነኛና ወጥ ሙቀት ነው።

ከሦስተኛው ቀን በኋላ

ብርቱው መንተክተክ ሲበርድ ሳፋውን ሊያነሱት ይችላሉ። 27፣ 28 ቢደርስ አያስፈራም፤ እንዲያውም ትንሽ ሞቅ ማለቱ እርሾው የጀመረውን እንዲጨርስ ይረዳዋል። ጌሾ እንጨቱን ጨምረው፣ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ሞልተው የሚመርጉት እዚህ ላይ ነው።

ጋን በጭቃ ሲመረግ ጋዙ በሸክላውና በጭቃው ስንጥቅ ቀስ ብሎ ይወጣል። ፕላስቲክ ግን ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ በዚህ ሙቀት ያብጣል፣ ክዳኑንም ሊያስወነጭፍ ይችላል። ክዳኑን በስተው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ያስገቡ፣ ዙሪያውን በሰም ይድፈኑ፣ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ግማሽ ውሃ ባለው ጠርሙስ ውስጥ ያጥልቁት። ጋዙ በውሃው እየተንቦገቦገ ይወጣል፣ አየር ግን ተመልሶ አይገባም። ትርፍ ጥቅሙ ደግሞ ጠላው መቼ እንደደረሰ ጠርሙሱ መናገሩ ነው፤ ለብዙ ደቂቃ አንድ አረፋ ካልወጣና ጉሹ ወደ ታች ከረጋ ይቅመሱት። ድሬዳዋ ላይ ከተመረገ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። አምስተኛውን ቀን መጠበቅ ለደጋ ሰው ነው።

ከተከፈተ በኋላ ቀኑ ያጥራል። የተቀዳለት ጋን አየር ገብቶበታል፤ በሙቀት ላይ አየር ሲጨመር ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ኮምጣጤ ነው። የማይጠጣውን አጥልለው በትንንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው ፍሪጅ ያስገቡ፤ ክዳኑን በየቀኑ ላላ እያደረጉ ጋዙን ያስተንፍሱት።

ፍሪጅ ላላቸውና ከውጭ እርሾ ለሚያስመጡ

አሮጌ ፍሪጅና የሙቀት መቆጣጠሪያ ያገኘ ሰው ከላይ ካለው ግማሹን ሊረሳው ይችላል። መቆጣጠሪያውን 20 ላይ ያድርጉት፤ ሴንሰሩን ግን ፍሪጁ ውስጥ እንዲሁ አያንጠልጥሉት። ከባልዲው ጎን ላይ ለጥፈው በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑት፤ ያኔ የሚለካው አየሩን ሳይሆን ጠላውን ነው። መብራት ቢጠፋ በሩን አይክፈቱ፤ የቀዘቀዘ 20 ሊትር ለሰዓታት ይቆያል።

የቢራ ብቅልና ደረቅ እርሾ ከውጭ ይዘው መጥተው እንደ ፋብሪካው ዓይነት ቢራ ቤት ውስጥ የሚሞክሩ ወጣቶች ምን እንደሚመርጡ ይጠይቃሉ። የላገር እርሾ ለዚህ አገር አይሆንም፤ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ይፈልጋል። ተራው የኤል እርሾ 18 እስከ 22 ስለሚፈልግ በሳፋና በበረዶ ይሠራል። የእኔ ምክር ግን ክቫይክ የሚባለው የኖርዌይ የገጠር እርሾ ነው። በምዕራብ ኖርዌይ ገበሬዎች ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ እያወረሱ ያቆዩት ሲሆን ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ሲሠራ ጣዕሙ አይበላሽም። ከዚያ ብርዳም አገር የመጣ እርሾ ለድሬዳዋ የተሠራ ያህል መስማማቱ ይገርማል፤ ሰኔ ላይ ያለ ሳፋ የሚጠመቅ ቢራ ከፈለጉ ሌላ አይፈልጉ።

ቀሪቦ በጀልዴሳ

የተቆላ ገብስ ፈልቶ፣ ተጠልሎ፣ ስኳርና የዳቦ እርሾ ተጨምሮበት የሚያድረው ቀሪቦ በሙቀት ላይ ከጠላም ይበልጥ ስሱ ነው። ስኳሩ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀው እርሾው ወዲያው ይነሳል። ደጋ ላይ ማታ ተሠርቶ ጠዋት የሚጠጣው፣ ጀልዴሳ ላይ በዚያው ጊዜ ለስላሳነቱን አልፎ አልኮል ወደመያዝ ይሄዳል። ቀሪቦ ያለው ቤት አልኮል የማይፈልግ ቤት ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም።

ገብሱ የፈላበት ውሃ በደንብ ሳይበርድ እርሾ አይጨምሩ። እርሾውን ይቀንሱ፤ ለአሥር ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ የሚል ሰው ካለ ግማሹ ይበቃዎታል። ሳፋውና እርጥቡ ጨርቅ እንደ ጠላው ይሁን፤ የጀልዴሳ አየር ደረቅ ሲሆን ጨርቁ ከከተማው ይልቅ ያገለግላል። ክዳኑ የላላ ዕቃ ይጠቀሙ። ከአምስትና ስድስት ሰዓት በኋላ ይቅመሱት፤ ላዩ ላይ ስስ አረፋ ከያዘና ምላስ ላይ ቆንጠጥ ካደረገ አጥልለው ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ይውሰዱት፣ በዚያው ቀንም ይጠጣ። የተረፈውን በብርጭቆ ጠርሙስ ዘግቶ ማሳደር አደገኛ ነው፤ ጠርሙሱ ይፈነዳል።

ሙቀቱ ካመለጠዎት

በ9 ሰዓት ሲለኩ 33 ካገኙ አይደንግጡ፣ በአንድ ጊዜም በበረዶ አይድፈቁት። ጨርቁን ያርጥቡ፣ ሳፋው ውስጥ ጠርሙስ ይጨምሩ፣ በአራት አምስት ሰዓት ውስጥ ወደ 25 ይመልሱት። በድንገት ሲቀዘቅዝ እርሾው ሥራውን ጥሎ ይረጋል፣ ከዚያ ለማስነሳት ይቸገራሉ።

መኮምጠጥ የጀመረ ጠላ ወደኋላ አይመለስም። ስኳር ጨምሮ ማጣፈጥ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ስኳሩ ያለቀውን ሥራ እንደገና ያስጀምረዋል፣ በማግስቱ ይበልጥ ኃይለኛና ይበልጥ ኮምጣጣ ሆኖ ያገኙታል። ይልቁንስ አቀዝቅዘው በዚያው ቀን ያጠጡት። ጨርሶ የሆመጠጠውን በጨርቅ አጥልለው፣ አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍነው ጥቂት ሳምንት ቢተዉት ለሰላጣ የሚሆን ኮምጣጤ ይወጣዋል። አተላውን ግን በዚህ ሙቀት ከአንድ ቀን በላይ አያቆዩት፤ ላም ያለውን ጎረቤት በማለዳው ይጥሩት።